ከዘፋኙ ጀርባ የቆሙት ጊታሪስት

የሰባዎቹ ወይም የሰማንያዎቹ ዓመተ ምሕረት ካሴት ቤታችሁ ካለ እስቲ አውጡና ሽፋኑን እዩት። ፊት ለፊት የዘፋኙ ፎቶ አለ። ጀርባው ላይ የዘፈኖቹ ዝርዝር ተጽፏል። ግርጌ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል የአጃቢው ባንድ ስም ይኖር ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ጊታሩን ማን ተጫወተው? ቤዙን ማን ያዘው? ሽፋኑ አይነግራችሁም። የእኛ ትውልድ እኮ የስንቱን ዘፈን መግቢያ በአፉ ያዜማል! መግቢያውን የተጫወተውን ሰው ስም ጥሩ ሲባል ግን ዝም ነው።

ይህች ጽሑፍ ከእነዚህ አጃቢዎች ስለ አንዱ ናት፤ ስለ ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም ወልደማርያም፣ የሙዚቃው ሰው «ሰላሚኖ» ስለሚላቸው። ለዚህ የመገናኛ መጽሔታችን እሳቸውን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ እኔን የመሰሉ የክፍለ ሀገር ልጆች እሳቸውን ያወቅናቸው በሬዲዮም በካሴትም ሳይሆን በቴሌቪዥን መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የራሳችን ግቢ ልጅ መሆናቸው ነው። ይህን ሁለተኛውን ለጓደኞቼ ስነግራቸው «የኛ ግቢ? የስድስት ኪሎው?» ብለው ያልተገረሙ ጥቂት ናቸው። አዎ፣ የስድስት ኪሎው።

ከቴሌቪዥኑ ልጀምር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ሲቋቋም ቶምሰን የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ረድቶታል። መጀመሪያ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ነገር ነበር፤ ምስሉም ጥቁርና ነጭ። ቀለም በሙሉ ኃይሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ኢሠፓ ሲመሠረትና የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው። ያ ትውልድ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ሲባል የሚያስታውሰው ሰልፉንና ባንዲራውን ነው። በሰልፉ መሐል ግን ሌላም ነገር ይተላለፍ ነበር፤ በበዓል ዋዜማና በእሑድ መዝናኛ ዘፋኞች ስቱዲዮ ገብተው ይዘፍናሉ፣ ከኋላቸውም ሙሉ ባንድ ይቆማል። ያ ምስል ሲደጋገም ኖሮ፣ መንግሥት ከተለወጠም በኋላ «የድሮ ሙዚቃ» እየተባለ ይታይ ነበር።

እኔ ያደግሁባት ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በእኛ ሰፈር ቲቪ የበዛው በ1987 ዓ.ም. ገደማ ነው። ምክንያቱ ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ብራዚል ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 ሰኔና ሐምሌ ላይ የብራዚልን የቡና ማሳ ሁለት ጊዜ ውርጭ መታው። የዓለም ገበያ ደነገጠ፣ የቡና ዋጋም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ። የዋጋው ወሬ ሸዋ ቤንችም ደረሰ፣ ቴፒም ደረሰ። ቡናውን የሸጠ ሰው መጀመሪያ የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ቀየረ፤ ከተማ ያለው ነጋዴና ሠራተኛ ደግሞ ቲቪ ገዛ። እንግዲህ አንዳንዶቻችን ጊታር ማየት የጀመርነው ብራዚል ስለበረዳት ነው ማለት ነው።

በገበያ ቀን ከሸዋ ቤንች የሚመጡ ዘመዶቻችን እኛ ቤት ያድሩ ነበር። ከእነሱ መሐል ቤንችኛ እንጂ አማርኛ የማትሰማ አክስት ነበረችን። ዘፈን ሲጀመር የቤቱ ሰው ሁሉ ግጥሙን ይከተላል፤ እሷ ግን የምትጠብቀው ዘፋኙ ዝም የሚልበትን ቦታ ነበር። ያኔ ወደ ስክሪኑ ትጠጋለች። ለእሷ የዘፈኑ ዋና ነገር እዚያ ላይ ነበር፤ አስተርጓሚ የማይፈልገው እዚያ ነዋ!

ቴሌቪዥን ከሬዲዮና ከካሴት የሚለየው በዚሁ ነው። በካሴት ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ የሚመጣው ሙዚቃ መሸጋገሪያ ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ስንኝ እስኪመጣ እንጠብቃለን። በቴሌቪዥን ግን ዘፋኙ ዝም ሲል ካሜራው መሄጃ ያጣል። ዝም ያለ ሰው እያሳየ መቆም አይችልም። ስለዚህ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሳክስፎኑን ያሳያል፣ ኪቦርዱን ያሳያል፣ ከዚያ ጊታሩ ላይ ያርፋል። ጣቶች ታያላችሁ፤ ክሩን ሲጫኑ፣ ክሩን ወደ ጎን ሲገፉ፣ ሲለቁ። ለብዙ ዓመት ስትሰሙት የነበረ ድምፅ ባለቤት እንዳለው ያኔ ይገባችኋል። ሮሃ ባንድ ያጀባቸው ዝግጅቶች ሲታዩ ዓይኔ ሁልጊዜ የሚፈልገው ያንን ጊታሪስት ነበር። ስማቸውን ግን የሚነግረኝ አልነበረም።

ስማቸውን ያወቅሁት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን በዶርም ልጆች ቴፕ የቢቢ ኪንግን ጊታር ሰማሁ። ብሉዝ የሚባለውን ሙዚቃ በስሙ ያወቅሁት ያኔ ሲሆን፣ መጀመሪያ ያልኩት «ይሄ ነገር እኛም ጋ አለ» ነበር። ይህን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ውስጥ አሥረኛው አልበም የትዝታ ዘፈኖች ስብስብ ነው፤ ርዕሱም ትዝታን የኢትዮጵያ ብሉዝ ብሎ ይጠራዋል።

ታዲያ ትዝታና ብሉዝ አንድ ናቸው? አይደሉም። የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትን ለይቶ ማወቅ ደግሞ ጊታሪስቶቻችን ምን ያህል እንደሠሩ ያሳያል። ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፤ በዶሬሚ ብንቆጥረው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ትዝታ ማይነር በሚባለው ላይ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። የብሉዝም መሠረት አምስት ድምፅ ነው፤ ግን ሌሎች አምስት ናቸው፦ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ሲ። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ሰዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው እንደማለት። የሚያቀራርባቸው በድምፆቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞሉበት መንገድ ነው። ብሉዝ ተጫዋች ክሩን ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ያስለቅሰዋል። የእኛ ማሲንቆ መቺም ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ ይህንኑ ያደርጋል።

ጊታር ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ክራር ሲቃኝ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ክር አለው፤ ቅኝቱ ሲቀየር ክሩ እንደገና ይጠበቃል ወይም ይላላል። ጊታር ግን አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ የብረት መስመሮች ተተክለውበታል፤ አሥራ ሁለቱም ድምፆች ተሰልፈው ይጠብቋችኋል። ስለዚህ የኛ ጊታሪስት ሥራ መምረጥ ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን ትቶ በአምስቱ መናገር፣ እነዚያንም እንደ ክራር ማንጠር፣ እንደ ማሲንቆ ማንሸራተት። ምቱንም ጨምሩበት። ችክችካ የምንለው እያንዳንዱን ምት ለሦስት ይከፍለዋል። የአሜሪካኖቹ ብሉዝም ሸፍል በሚሉት ምት ላይ ሲሆን እንዲሁ ለሦስት ይከፍላል። እግራችን ብሉዝን ቶሎ የሚለምደው ለዚህ ይመስለኛል።

የብሉዝ አገር የሆነችው አሜሪካም ጊታሪስቶቿን ለሕዝብ ያስተዋወቀችው በከፊል እንደኛው በሕዝብ ቴሌቪዥን ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኦስቲን ከተማ የሚገኝ የሕዝብ ጣቢያ «ኦስቲን ሲቲ ሊሚትስ» የሚል የኮንሰርት ዝግጅት እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ለመላ አገሪቱ አሠራጭቷል። ስቲቪ ሬይ ቮን የተባለው የብሉዝ ጊታሪስት እ.ኤ.አ. በ1983 እዚያ መድረክ ላይ ቀረበ። በ1990 በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ፤ በ1993 ኦስቲን ሐውልት አቆመችለት። እዚህ ላይ ልብ የምንለው ሐውልቱን አይደለም። ያ ዝግጅት ሲተላለፍ ጊታሪስቱ በስሙ ተጠርቷል፣ ቅጂው ተቀምጧል፣ ዛሬም ማንም ሰው መቼና የት እንደተጫወተ ማወቅ ይችላል። የእኛዎቹም በቴሌቪዥን ታይተዋል፤ የጎደለን መዝገቡ ነው።

ብሉዝና ሶል ራሱ ወደ እኛ እንዴት መጣ? አንዱ በር አስመራ ነበር። እዚያ የነበረው ቃኘው ስቴሽን የተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ለወታደሮቹ የሚያሠራጨው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበረው፤ የከተማው ወጣትም አብሮ ሰማው። ሌላው በር እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ መምህራን ናቸው፤ ሸክላቸውን ይዘው እስከ ገጠር ከተማ ድረስ ገብተዋል። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ዱክ ኤሊንግተን ራሱ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ፤ ከንጉሠ ነገሥቱም ሽልማት ተቀበለ።

ይህ ሁሉ የመጣው ግን ባዶ ቤት ላይ አልነበረም። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ለአፄ ምኒልክ የትንፋሽ መሣሪያዎች ልከው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ አርመናውያን ከኢየሩሳሌም መጡ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም እ.ኤ.አ. በ1955 በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞችን አሠለጠኑ። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ትልልቆቹን ድምፃውያን አወጡ። ሸክላ የማሳተም ሥልጣን የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ ወጣቱ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ክልከላውን ጥሶ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከኦርኬስትራዎቹ ጎን ትንንሽ የሆቴል ባንዶችም በቀሉ። ጊታር የፊት መሣሪያ የሆነው በእነዚህ ትንንሽ ባንዶች ነው፤ ሃያ ሰው ባለበት ኦርኬስትራ ውስጥ ጊታር ማንም ልብ የማይለው ነገር ነበር።

ከሆቴል ባንዶቹ አንዱ በራስ ሆቴል ይጫወት የነበረው አይቤክስ ነው። ቤዝ ጊታሩን ጆቫኒ ሪኮ፣ ሊድ ጊታሩን ሰላም ስዩም፣ ሳክስፎኑን ፈቃዱ አምደመስቀል ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ያጀበው አይቤክስ ነበር። ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂየም ውስጥ እንደገና ታትሞ የአውሮፓን ጆሮ ወደ ኢትዮጵያ ሙዚቃ አዞረ፤ በኋላም የ«ኢትዮፒክስ» ሰባተኛ አልበም ሆነ። አይቤክስ ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ የሠራውም ቅጂ አለ፤ ራስ ሆቴል ውስጥ የተቀረጸ ነው፣ በቅርብ ዓመታትም ዳግም ታትሟል። አጃቢ ብቻውን ምን እንደሚል ለመስማት የፈለገ ያንን ይስማ።

አይቤክስ ውሎ አድሮ ሮሃ ሆነ። ዳዊት ይፍሩን የመሰሉ አቀናባሪም ኪቦርዱ ላይ ተጨመሩ። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው፤ ሰዓት እላፊ ታውጇል። ማታ ሙዚቃ ሊሰማ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል በሩ ተዘግቶ ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወታል። ሸክላ ቀርቶ ካሴት ነገሠ። አስቴር አወቀ አሜሪካ ከመሄዷ በፊት ከሮሃ ጋር ዘፍናለች፤ ሌሎቹን ብንቆጥር ገጹ አይበቃንም። ሮሃ ያጀባቸው አልበሞች በመቶዎች ይቆጠራሉ። እስቲ አስቡት፦ የአንድ ዘመን ሕዝብ ሲሠርግ፣ ሲያፈቅርና ሲለያይ የሰማው ጊታር በአብዛኛው የአንድ ሰው እጅ ነበር። ያ እጅ ቀን ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ማን ጠየቀ?

ከሌላ ሥራው መካከል አንዱ ታሪክ መጻፍ ነበር። ሰላም ስዩም እ.ኤ.አ. በ1988 ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አቀረቡ። ርዕሱ በአማርኛ ሲመለስ «የዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥና እድገት በኢትዮጵያ፣ ከ1896 እስከ 1974» ይሆናል፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ቢሆንም ርዕሱ ላይ «ዘመናዊ» የሚለውን ቃል አልተረጎሙትም፤ በአማርኛው እንዳለ ነው የተዉት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሙዚቀኛው «ዘመናዊ» ሲል ከውጭ የመጣ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ እዚህ አገር ገብቶ የራሱን ስምና መልክ ያገኘውን ነገር ማለቱ ነው። ይህን የመመረቂያ ጽሑፍ ዛሬ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ የሚጽፉ የውጭና የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ይጠቅሱታል። የዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ከተመረቁ በኋላ ማን እንደሚያነበው ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሄኛው ግን ተነቧል።

አሁን ዓመቶቹን እንደገና እዩአቸው። 1896 የዓድዋ ዓመት ነው። 1974 ደግሞ አብዮቱ የፈነዳበት። ለታሪክ ተማሪ ጥሩ መጀመሪያና ጥሩ ማብቂያ ነው። ነገር ግን 1974 ላይ ሲቆም ምን እንደሚቀር ልብ በሉ። «ኧረ መላ መላ» የተቀረጸው በ1975 ነው። የአይቤክስ ገናና ዘመን፣ የሮሃ ዘመን፣ የካሴት ዘመን፣ የሰዓት እላፊው ሌሊት፣ እኛ በቴሌቪዥን ያየነው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። ጸሐፊው ታሪኩን ጽፈው ጽፈው የራሳቸው ታሪክ ሊጀምር ሲል ብዕራቸውን አስቀመጡ። ለምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። ታሪክ አጥኚ ገና እየኖረበት ያለውን ዘመን እንዲጽፍ አይመከርም፤ በ1988 ደግሞ ስለ ደርግ ዘመን በነፃነት መጻፍ ቀላል አልነበረም። ጨዋነትም ሊሆን ይችላል። በየትኛውም ምክንያት ይሁን፣ ቀጣዩ ምዕራፍ ለሌላ ሰው ተትቷል።

ይህ ምዕራፍ ሊጻፍ የሚችልበት ጊዜ እያለፈ ነው። ሐኪሞች ስንሠለጥን ከመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ ሆኖ የሚነገረን፣ «ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ነገር አልተሠራም» የሚል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስትሯሯጥ ያደረች ነርስ ካልጻፈችው ለጠዋቱ ተረኛ ምንም አልተደረገም። የአጃቢዎቻችንም ነገር እንደዚሁ ነው። የሠሩት ሥራ አለ፣ ካርዱ ግን ባዶ ነው። ከእነሱ ብዙዎቹ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸዋል። ብዙዎቹ አርፈዋል። ሌሎቹ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ተበትነዋል፤ ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ለኮንሰርት አሜሪካ ሲሄድ ግማሹ እዚያው እንደቀረ ታስታውሱ ይሆናል።

ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ እየነዱ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻቸውን፣ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዘው የሠሩት አንድ ካሴት ነበር። ያንን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሙዚቃ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ ባለቤቱንም ፈልጎ አፈላልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ መርጊያም በስተርጅና ወደ መድረክ ተመልሰው በዓለም ዙሪያ ተጫወቱ። ልብ በሉ፣ ነገሩ የተገኘው አዲስ አበባ ውስጥ አይደለም፣ ዋሽንግተንም ውስጥ አይደለም፤ ባሕር ዳር ነው። የክፍለ ሀገር ከተማ መደርደሪያ ላይ የተረሳ አንድ ካሴት የአንድ ሰው ሕይወት ቀየረ።

ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒ፣ ቦንጋ፣ ጅማስ? እዚያም ስንት ካሴት በየሣጥኑ ተቀምጧል! ግን የኛ አገር አየር ለካሴት ጠላት ነው። ደቡብ ምዕራብ ዝናቡ አብዛኛውን ዓመት አያባራም፤ ለቡናው መልካም ነው፣ ለቴፕ ግን አይደለም። ካሴት ማለት ቀጭን የፕላስቲክ ጥብጣብ ላይ የብረት ዝገት ዱቄት በሙጫ ተለጥፎበት ማለት ነው። ድምፁ ያለው ዱቄቱ ላይ ነው። ሙጫው እርጥበት ሲስብ ይሟሟል፣ ዱቄቱም ይራገፋል። ከዚያ ሻጋታው ይመጣል፤ ጥብጣቡ ጫፍ ላይ እንደ ነጭ ዱቄት ታዩታላችሁ። የሻገተ ካሴት ቴፕ ውስጥ ከተቱት ጥብጣቡ ይበጠሳል፣ ሻጋታውም ወደሚቀጥለው ካሴት ይሸጋገራል። ልክ እንደ ተላላፊ በሽታ መጀመሪያ ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ ፀሐይ ሳይነካው ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይክረም። ከዚያ የሚያውቅ ሰው ያጽዳውና ወደ ኮምፒዩተር ይገልብጠው። የካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶችም ስበሩ፤ ያኔ ማንም በስሕተት በላዩ ላይ ሊቀዳበት አይችልም።

ቅጂው ብቻ ግን አይበቃም፤ ስሙ ከሌለ ድምፁ የሙት ልጅ ነው። በየዓመቱ ስንገናኝ በመቶ የሚቆጠር ሰው እንሰበሰባለን፤ ከመካከላችን የሙዚቀኛ ልጅ አለ፣ የሙዚቀኛ ጎረቤት አለ፣ በሰባዎቹ ራስ ሆቴል ወይም ጊዮን ሌሊቱን የጨፈረ ታላቅ ወንድም ያለው አለ። ካሴቱን ስታወጡ አብራችሁ ጠይቁ፦ ጊታሩን ማን ተጫወተው? የት ተቀረጸ? በየትኛው ዓመት? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ካሴቱ ውስጥ ክተቱ። በዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ ከእነዚህ አዛውንት ሙዚቀኞች ጋር አንድ ቡና ጠጡና ስልካችሁን ከፍታችሁ አስወሯቸው። የተሰበሰበውን ለማስቀመጥ ቦታ አናጣም፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለን፣ በእኛ በኩልም ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። በቴሌቪዥን ያየነው ሁሉ ከአዲስ አበባ ወደ እኛ የመጣ ነው። ከእኛ ወደዚያ የሄደ ጥቂት ነው። አክስቴ ያን ጊታር ስትሰማ ከራሷ አገር ዜማ ጋር እያመሳሰለች እንደነበር ነግራኛለች፤ ያንን የቤንችና የሸኮ ዜማ በዚያ ዘመን የቀዳው ቴፕ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ካሴት ፍለጋ ስትወጡ የገበያውን ብቻ አትፈልጉ፤ የአያት ዘፈን፣ የሠርግ ቅጂ፣ የደቦ ዜማም ካገኛችሁ ያው ዋጋ አለው። የተጫዋቹን ስም ለመጻፍ ታዋቂ መሆን አያስፈልገውም።

ሰላም ስዩም ጊታርም ተጫውተዋል፣ ታሪክም ጽፈዋል። ሁለቱንም አንድ ሰው ይሥራቸው ማለት ከባድ ነው፤ ከእኛ ማንም እንደዚያ አይጠበቅበትም። ግን ጽሑፋቸው የቆመው 1974 ላይ ነው። ነገ አንድ የታሪክ ተማሪ፣ ምናልባት ከልጆቻችን አንዱ፣ ከ1975 ጀምሮ ያለውን ልጻፍ ብሎ ሲነሳ የሚሰማው ካሴትና የሚጽፈው ስም ሊያገኝ ይገባል። ለሚቀጥለው ዓመት ግንኙነታችን ከሣጥናችሁ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ኑ።